ስም አስጠሪ

ላውረል ጅረት፣ ኬንታኪ
ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1979

ለማከብርዎት አክስት ሎቪና፣

የማያውቁኝ ልጅ ስለሆንኩ ሰላምታውን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ኦርሊን ራትሊፍ እባላለሁ። የወንድምዎ የሀርደን የልጅ ልጅ፣ የዴልፊያ ታናሽ ወንድም ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

ለዴልፊያ የጻፉላት ደብዳቤ ማክሰኞ ደረሰ። የከፈትኩት እኔ ነኝና ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ምነው ጠፋሽ? አሮጊቷ ሰለቸችሽ ወይስ ባል አገኘሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። አልሰለቿትም። ባልም አላገኘችም። ጃንዋሪ 9 ቀን መዝገብ ልታይ ወደ አውራጃው ከተማ ስትሄድ መንገዱ በረዶ ነበርና መኪናዋ ከድልድዩ ወጥታ ጅረቱ ውስጥ ገባች። ዴልፊያ ሞታለች። አድራሻዎን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች መርዶውን የነገረዎት ሰው አልነበረም። በእኛ ቤት ስምዎ ሲነሳ አባዬ «ያቺ የመጽሐፍ ሌባ» ነው የሚለው። ቅር አይበልዎት።

የምጽፍልዎት ግን መርዶ ለመንገር ብቻ አይደለም። ዴልፊያ ምን ስትሠራ እንደነበር ያውቃሉ። የቀዳሚ ሰፋሪዎች ማኅበር በፍርድ ቤቱ ግቢ ሐውልት ሊያቆም ነው። ከ1800 በፊት ተራራውን ተሻግረው ለመግባታቸው ማስረጃ የሚያቀርብ ቤተሰብ ስሙ ይቀረጽለታል። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ አገላብጣ፣ ከእኛ ተነስታ አባት በአባት እየቆጠረች በ1807 ሚስት ያገባው ሻድራክ ራትሊፍ ዘንድ ደርሳለች። የቀራት አንዲት ደረጃ ናት፦ ሻድራክ በ1779 ወደ መጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ምሽግ የመጣው የኤድመንድ ልጅ መሆኑን ማሳየት። ማኅበሩ ግን ማመልከቻዋን መልሶባታል። በምሽጉ የመቃብር ቦታ አንድ ድንጋይ አለ፤ «ሻድራክ፣ የኤድመንድ ልጅ፣ በአራት ዓመቱ፣ 1784» ይላል። «በአራት ዓመቱ የሞተ ልጅ በ1807 ሚስት አያገባም» ብለው ጻፉላት።

ቤተሰቡ ልደትና ሞት ሲመዘግብበት የኖረው የኤድመንድ መጽሐፍ ቅዱስ እርስዎ ዘንድ ነው። ልደት የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስተው ይላኩልኝ። ማመልከቻው የሚዘጋው ሜይ 25 ነው። እሷ የጀመረችውን እኔ መጨረስ አለብኝ።

አክባሪዎ
ኦርሊን


ሚዙሪ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1979

ኦርሊን፣

ደብዳቤህን የፖስታ ሳጥኑ ሥር ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ እስከ በሬ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ለመግባት ብዙ ቆየሁ።

ዴልፊያ ስምንት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ሰባቱ ስለ ሙታን ነበሩ። ስምንተኛው ግን ስላንተ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አውጥተህ የጎረቤት አጥር እንዳፈረስክ። በጣም ነው ያሳቀኝ። እግዜር ያጽናችሁ ከማለት የተሻለ ቃል የለኝም።

መጽሐፉ ከቤቴ አይወጣም። ወረቀቱ ስላረጀ ማሽን ላይም አይተኛም። የምትፈልገውን ጠይቀኝ፤ አንብቤ እጽፍልሃለሁ። አባትህን ደግሞ ስድቡን ሰምታለች በለው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ስድብ ማጣቱ አሳዝኖኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ በረዶ ልጅቷን ብቻዋን ማን ለቀቃት?

ሎቪና


ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1979

ለአክስት ሎቪና፣

ስለ በረዶው ጠይቀውኛል። ጠዋት ላይ በረዶ አልነበረም።

ትናንት ከትምህርት ቤት ቀርቼ የማኅበሩን ጸሐፊ አቶ ፐርሴልን ላነጋግር ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሹም ናቸው። ወረቀቱን ሁሉ በመስመር ደርድረው ነው የሚያስቀምጡት።

«ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «እህትህን እወዳት ነበር። ግን ድንጋይ ከወረቀት ይበልጣል።»

«ሌላ ሻድራክ ቢኖርስ?»

«የት? በዚያ ምሽግ ውስጥ እኮ የነበሩት አሥራ አንድ ቤተሰቦች ናቸው። ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። የሌለ ሻድራክ ከየት ፈልፍዬ ላምጣልህ?»

«ታዲያ እኛ ከማን ተወለድን?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዴልፊያ ትዝ አለቻቸውና ከረሜላ ሰጡኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው!

ማመልከቻው የተመለሰባት ቀን ዴልፊያም ስቃ ነበር። «የሞተ ልጅ የልጅ ልጆች ስለሆንን መንፈስ ነን፤ መንፈስ ደግሞ ዕቃ አያጥብም» ብላ ከኩሽና ወጣች። እኔ ይህን ትምህርት ቤት አወራሁትና ዶይል የሚባል የክፍሌ ልጅ ባየኝ ቁጥር «እስቲ ግድግዳው ውስጥ እለፍ» ይለኝ ነበር። አሁን ዶይል አይቀልድም። ሲያየኝ ጫማውን ያያል። ቀልዱ ይሻለኝ ነበር።

እባክዎ የኤድመንድን ልጆች ስምና የተወለዱበትን ቀን በሙሉ ጽፈው ይላኩልኝ።

ኦርሊን


ማርች 5 ቀን 1979

ኦርሊን፣

ይኸውልህ። ሬቸል፣ 1777። ኬሌብ፣ ጁን 1782። ሻድራክ፣ ኖቬምበር 1786። አይዛክ፣ 1789። የሚነበበው ይህ ነው።

አየህ፣ ሻድራክ በ1786 ተወልዶ በ1807 አገባ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለጋብቻ ደርሷል። ለሰውዬህ ይህን ንገረው። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ተወው።

ወገቤን ታምሜ ስለነበር ነው የዘገየሁት። ስለ ጠዋቱ በረዶ የመለስክልኝ መልስ መልስ አይደለም።

ሎቪና


ማርች 17 ቀን 1979

ለአክስት ሎቪና፣

የላኩልኝን ዝርዝር ለአቶ ፐርሴል ሰጠሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡትና «እንዲህ ያለ ዝርዝር እኔም ቁጭ ብዬ መጻፍ እችላለሁ» አሉ። «ገጹን አምጣ። ደግሞም ቀኑ ከድንጋዩ ጋር አይገጥምም። ድንጋዩ በ1784 ቀበርነው ይላል፤ አክስትህ በ1786 ተወለደ ትላለች። ሰው ከሞተ በኋላ ይወለዳል እንዴ?»

ምን ልመልስላቸው? እርስዎ ገጹን ይዘው ቁጭ ብለዋል። እኔ በየሳምንቱ እዚያ ቢሮ እየሄድኩ ከረሜላ ይሰጠኛል። ወረቀቱ ያረጀ ነው ይሉኛል፤ ዴልፊያ ግን ከገጹ የባሰ ያረጀ የፍርድ ቤት መዝገብ ኮፒ አስነስታለች፤ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለእሷም በስምንት ደብዳቤ እንደዚህ ሲያመላልሷት ነበር? አባዬ «ተወው፣ ሴትዮዋ ከድሮም ልቧ ድንጋይ ነው፣ ደግሞ ሐውልት ላይ መጻፍ እህትህን አይመልሳትም» አለኝ። እንደማይመልሳት እኔም አውቃለሁ።

እኛ ቤት ውስጥ ሌላም ወሬ አለ። መጻፍ አልፈልግም።

ኦርሊን


ኤፕሪል 8 ቀን 1979

ለአክስት ሎቪና፣

«የደበቅከኝ ወሬ ምንድን ነው?» ብለው ጽፈዋል። ስለ ገጹ ግን አንድ ቃል የለም። እሺ፣ ወሬውን ልንገርዎት።

እናቴ ነፍሰ ጡር ናት። በሜይ መጨረሻ ትወልዳለች። አርባ ዓመቷ ነው፤ ዴልፊያ በሕይወት እያለች ሁላችንም ስንስቅባት ነበር። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆና፣ ልክ ስለ አየሩ የምታወራ ይመስል፣ «ሴት ከሆነች ዴልፊያ እላታለሁ» አለች።

«ዴልፊያ አለች እኮ» አልኩ። አፌ ነው ያለው።

አባዬ መኪናውን አቆመ። ከኋላችን የነበረው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ እዚያው ቆየን።

ጎረቤቱ ሁሉ ግን ደስ ብሎታል። «ምንኛ ደስ የሚል ነው፣ እግዜር መልሶ ሲሰጥ» ይላሉ። ምንድን ነው የመለሰው? የእሷ አልጋ፣ የእሷ ካፖርት፣ አሁን ደግሞ ስሟ! የምሠራው የዘር ሐረግ ዛፍ ላይ አንዷን ዴልፊያ ጽፌ ከሥሯ ሌላ ዴልፊያ ልጽፍ ነው? ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ፐርሴል መጥቶ «ይቺ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሞታለች፣ እንዴት ልጅ ወለደች?» ቢል ማን ይመልስለታል?

ሰባት ሳምንት ቀርቷል። ገጹን የማይልኩ ከሆነ እባክዎ አይጻፉልኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳልቀመጥ እከፍታለሁ፤ ውስጡ ግን ሁልጊዜ ምንም የለም።

ኦርሊን


ኤፕሪል 19 ቀን 1979

ኦርሊን ልጄ፣

አትጻፊ ብለኸኛል፤ እኔ ግን እጽፋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ብትፈልግ ምድጃ ውስጥ ክተተው።

ጥያቄህን ያለ እርዳታ መልሰኸዋል፤ ራስህ የጻፍከውን ግን አላየኸውም። አንዷን ዴልፊያ ጽፌ ከሥሯ ሌላ ዴልፊያ ልጽፍ ነው ወይ ብለሃል። ሻድራክ ሁለት ነው። የፊተኛው በ1780 ተወልዶ በ1784 ምሽጉ ውስጥ ሞተ፤ ድንጋዩ የእሱ ነው። በ1786 ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደና ስሙ ተሰጠው። የአንተ ዘር የሚወርደው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። በዚያ ዘመን ልጅ ሲቀበር ስሙ አብሮት አይቀበርም ነበር፤ እንደ ካፖርት ለሚቀጥለው ይተርፋል። ሰውዬህ አሥራ አንዱን ቤተሰብ በስም አውቃለሁ ይላል፤ ይህን ግን አያውቅም።

እኔ እንዴት አወቅሁ? እኔም ሁለተኛ ስለሆንኩ ነዋ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት አባቴ ፊደል አስተምሮኛል። በሜይ መጨረሻ፣ እናንተም እስከ ዛሬ እንደምታደርጉት፣ ቤተሰቡ መቃብር ሊያጸዳና አበባ ሊያኖር ወጣ። ዶሮውና የበቆሎ ዳቦው ሣሩ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ተደርድሯል። እኔ ማንበብ በመቻሌ ኮርቼ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሮጥኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንዷ ትንሽ ድንጋይ ዘንድ ስደርስ «ሎቪና ራትሊፍ» ብዬ አነበብኩ። እንዲህ አድርጌ ራሴን መሬት ውስጥ አገኘሁት። እናቴ «አዎ፣ ከአንቺ በፊት የነበረችው እህትሽ ናት፤ በይ አበባ አድርጊላት» አለችኝ። አያትህ ሀርደን ታላቄ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተጣላን ቁጥር «ዋናዋ ሎቪና ብትሆን እንዲህ አታደርግም ነበር» ይለኛል። ዋናዋ የሞተችው በሦስት ዓመቷ ነው። ምን እንደምታደርግና እንደማታደርግ ማን ያውቃል?

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአባቴን ምላጭ ወሰድኩና መጽሐፉን ከፍቼ ስሟን ፋቅኩት። ስሙ የእኔ ብቻ እንዲሆን ነበር። ወረቀቱ ተበሳ። አባቴ ሲደርስብኝ አልመታኝም። ገጹን ወደ መስኮቱ አቅንቶ በቀዳዳው ውስጥ የገባውን ብርሃን አየ። ከዚያ ገልብጦ አሳየኝ። እሷ ከተጻፈችበት መስመር በስተጀርባ፣ በሌላው ፊት፣ የፊተኛው ሻድራክ ተጽፎ ነበር። የቀረው የሞተበት ዓመት ብቻ ነው። «ሁለት ሰው ገደልሽ» አለኝ።

መጽሐፉን ይዤ የሄድኩት ለስርቆት አይደለም። ያንን ቀዳዳ የሚያይ ሰው እንዳይኖር ነው። ዴልፊያ ሰባት ጊዜ ስትጠይቀኝ ሰባት ጊዜ ወገቤን አመመኝ። ይህን ጽፌላት ቢሆን ኖሮ በጃንዋሪ መዝገብ ፍለጋ አትወጣም ነበር። ይህን ካወቅሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ አንተን ማን ለቀቃት እያልኩ ስጠይቅህ የምሸሸው ይህንን ነው።

ነገ መጽሐፉን በአደራ ፖስታ እልከዋለሁ። ከመፋቄ በፊት ያነበብኩትንም በዳኛ ፊት ምዬ አጽፌአለሁ። አንተ ጽሑፍህ ደህና ነው፤ የእኔ እጅ አይረጋም። ከቀዳዳው ጎን የፊተኛዋን ሎቪናን ጻፍልኝ። 1904 እስከ 1907።

ስለ እናትህ አልፈርድም። እናቴን ለመረዳት ሰባ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ስም አስጠሪ እንዳይጠፋ ብላ ነው። ግን ሕፃኗን አስብ። ኢዮብ ልጆቹ ካለቁበት በኋላ ሦስት ሴቶች ሲወለዱለት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም ተጽፎላቸዋል። መጽሐፉ ሲደርስህ አውጥተህ እይ።

አክስትህ ሎቪና፣ ሁለተኛዋ


ሜይ 1 ቀን 1979

አክስቴ፣

መጽሐፉ ደረሰ። በኩሽና ፎጣ ተጠቅልሎ ስለመጣ እማዬ መጀመሪያ ዳቦ መስሏት ነበር።

ዴልፊያ በእርስዎ ምክንያት አልወጣችም። መልስ ያልሰጠሁዎትን ልመልስ።

በዚያ ቀን የምነዳላት እኔ ነበርኩ። በረዶ ስለምትፈራ ቀድማ ቃል አስገብታኛለች። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ «የቅርጫት ኳስ ልምምድ አለኝ» አልኳት። ልምምድ አልነበረም። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር፤ መነሳት ብቻ ነው ያስጠላኝ። «ሻድራክ ሁለት መቶ ዓመት ጠብቋል፣ አንድ ቀን ይጨምር» አልኳት። ኮፍያዋን አድርጋ «ኦርሊን አንድ ቀን ጨምር ብሎሃል ብዬ እነግረዋለሁ» ብላ ወጣች። ሲመሽ የሸሪፉ መኪና መጣ።

ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን እርስዎ ያውቃሉ።

ሎቪናን ጻፍኳት። ቀለሙ እንዳይፈስ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩ።

ኦርሊን


ጁን 3 ቀን 1979

አክስቴ፣

እንዴት ሆነ ብለው ሁለት ጊዜ ጽፈውልኝ ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። መጥፎውን ላስቀድም።

አቶ ፐርሴል ገጹን በማጉያ መስተዋት ሩብ ሰዓት አዩት። ከዚያ «ቀዳዳ ማስረጃ አይሆንም» አሉ።

«አክስቴ ምላ ያጻፈችውስ?»

«ልጄ፣ የፋቀችው እኮ ራሷ ናት!»

«ታዲያ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከረሜላውን ረሱት። ቆይተው «ሁለት ሻድራክ…» አሉ፣ ለራሳቸው። ድንጋዩን አርባ ዓመት ሲያዩት እንዳላሰቡት ገባኝ። ግን ኮሚቴው እንደገና የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ጸደይ ነው። ሐውልቱ ራትሊፍ የሚል ስም ሳይኖረው ቆመ። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ጓድ ተጫወተ፤ ጥሩምባ የነፋው ዶይል ነው። «ቀዳሚዎቹ» ይላል ከላይ በትልቁ። ዴልፊያ ይህን ቃል አትወደውም ነበር፤ «ከእነሱ በፊት እዚህ ሰው ያልኖረ ይመስል» ትላለች። በዓሉ ሲያልቅ የአባዬን መኪና ጎማ በእርግጫ መታሁ። የእግሬ ጣት አበጠ፤ ጎማው ደህና ነው።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንደገና አመለክታለሁ። ለእናትና አባቴም ሶፋ ላይ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። አባዬ ተነስቶ ወጣና እንጨት ፈለጠ፤ የሚፈለጥ እንጨት ሲያልቅ ገባና እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ የኤፕሪሉን ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት። ዕቃ እያጠበች ነበር። «ያቺ ሌባ ልታስተምረኝ ነው?» አለች መጀመሪያ። ድንጋዩን ያነበቡበት ቦታ ስደርስ ውሃውን ዘጋች። ስጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣

«ገብቶኛል» አለች። «ግን አንተም ስማኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፌ ላይ የኖረ ስም ነው። አሁንም ራት ሲደርስ ሳላስበው ይመጣና እዚህ» ጉሮሮዋን ነካች፣ «እዚህ ይቆማል። የምጠራው ሰው ስጡኝ እንጂ አትጥሪ አትበሉኝ።»

ለዚህ እርስዎም መልስ አልጻፉልኝም። የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጥሪያት እማ። ስትጠሪያት እኔ አቤት እላለሁ።»

«ሂድ ወዲያ!» ብላ ፎጣውን ወረወረችብኝ።

ሜይ 30 ቀን ወለደች። ሴት ናት፤ እኔ የማውቀውን ማንንም አትመስልም። እማዬ ከሆስፒታል ቤት እንደገባች መጽሐፉን አምጣ አለችኝ። ዴልፊያን ከነዓመቶቿ ጻፍኳት። ከሥሯ እማዬ እየነገረችኝ «ቃስያ» ብዬ ጻፍኩ። ከኢዮብ ልጆች ሁለተኛዋ ናት፤ መጽሐፉን አውጥታ ያየችው እማዬ ራሷ ናት። ገጹ ሊሞላ አራት መስመር ቀርቶታል። ወደ መስኮቱ ሳቀናው ቀዳዳው አሁንም ያበራል።

ትናንት ምሽት አባዬ ከሚሠራበት የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ተመልሶ እየታጠበ ነው፤ እኔ ሳሎን የአልጀብራ የቤት ሥራ ይዣለሁ። እማዬ ቃስያን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ድስት ታማስላለች። ድንገት፣ እንደ ድሮው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ዴልፊያ! ሳህን ደርድሪ!» አለች።

አባዬ ውሃውን አቆመ። እማዬም ማንኪያውን ይዛ ቀረች።

«አቤት» አልኩና ተነስቼ ሳህኖቹን ደረደርኩ።

ኦርሊን